ቆሞ መመለስ

ወታደሮች ከተሳቢ መኪናዬ ያወረዱኝ የአሰብ ወደብ በር ላይ ነው፤ ሞተሩን እንኳ እንዳጠፋ አልፈቀዱልኝም። ክሱ አጭር ነበር፦ በረሃው መንገድ ላይ ወንበዴ ጭነሃል። አልጫንኩም። የወረወሩኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ አየሩ ጨውና የሰው ላብ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን እግር ነው፤ ግድግዳ ሥር የተዘረጋ፣ ውስጡ በግርፋት ያበጠ እግር።

የእግሩ ባለቤት የነዳጅ ማጣሪያው መሐንዲስ ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። እኔ ጎልምሼም የማውቀው ጽሑፍ የመኪናዬን ታርጋ ብቻ ነበር፣ እሱንም በመልኩ። ወረቀት ክልክል ስለሆነ ጣታችንን በግንባራችን ላብ እያራስን ሲሚንቶው ላይ እንጽፍ ነበር። ዘበኛው በቀዳዳ እስኪያይ ሙቀቱ ጽሑፉን ይጠርግልን ነበር። አሰብ የዋለችልኝ ውለታ ይኸው ብቻ ነው።

አማርኛውን ስጨርስ እንግሊዝኛ ጀመረልኝ። አንድ ቀን ጠዋት መርማሪው ሻምበል ከሰዓት በኋላ እንደሚፈልገኝ ተነገረኝ።

“ጭኛለሁ በልና ተገላገል” አለኝ የወደብ ኩሊው፣ ሦስተኛው የክፍላችን ሰው። “እግርህ ይተርፋል።”

“አንገቴስ?”

“እሱን ሌላ ቀን ታስብበታለህ።”

ሳቅን።

መሐንዲሱ ጣቱን አርሶ ጻፈ። “ዛሬም እንማራለን፣ ጋሼ። ይህ ‘አንሰር’ ነው፤ መልስ። በር ሲንኳኳ ሄዶ መክፈትም አንሰር ነው።”

“እዚህ በር የምንከፍተው እኛ አይደለንም” አለ ኩሊው።

“ለሠሩት ሥራ ተጠያቂ መሆንም ነው። ጥንት ግን ሌላ ነበር። ሁለት ቃል ነው፤ የፊተኛው ‘መቃወም’፣ የኋለኛው ‘መማል’። የተከሰሰ ሰው ቆሞ ክሱን በመሐላ ይቃወማል። አንሰር ያ ነበር።” መሐል ያለችውን ፊደል፣ ደብልዩን፣ በጥፍሩ ነካ። “ይቺ ዛሬ አትነበብም። የመሐላው ርዝራዥ ናት።”

ይህን ሲል ፊደሏ ደረቀች።

ለእኔ የታየኝ እንግሊዝኛው ሳይሆን አባቴ ነው። ዋርካ ሥር፣ ዳኛ ፊት፣ ከባለጋራው ጋር ኩታ ለኩታ ተቋጥሮ፣ “በላ ልበልሃ!” ሲል። ማንበብ አያውቅም ነበር። ተቀምጦ ግን ተሟግቶ አያውቅም።

ከሰዓት ወሰዱኝ። የምርመራው ክፍል ደንብ የታወቀ ነው፤ እስረኛ መሬት ላይ፣ ሻምበሉ ወንበር ላይ።

“ጭነሃል አልጫንክም? መልስ!”

ተነሳሁ። ዘበኛው ትከሻዬን ጨመደደኝ። ሻምበሉ በእጁ “ተወው” አለው። ሽርጤን ወገቤ ላይ አጥብቄ ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

“ጭኜ አልጫንኩም ብል ልጆቼን አያሳድግልኝ። አልጫንኩም።”

ዱላው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሻምበሉ ዱላውን አየ፣ እኔን አየ።

“ዋስህስ?” አለኝ፣ እንደ ድሮ ዳኛ።

“ዋስ ቢኖረኝ እዚህ ምን እሠራለሁ?”

ሳቅ ከአፉ ሲያመልጠው አየሁ። ቶሎ ዋጠው። “ውሰዱት” አለ።

በራሴ እግር ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ኩሊው ውስጥ እግሬን ገልብጦ ዳሰሰና “ደህና ነው! እንደሄደ መጣ!” ብሎ ጮኸ። መሐንዲሱ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተዘረጋሁ። ያ የገማ አየር እንደዚያን ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

በኋላ ፈቱኝ። ንግግሬ አስፈታኝ ብዬ አልዋሽም፤ ለምን እንዳሰሩኝም ለምን እንደለቀቁኝም የነገረኝ የለም። ይቅርታ የሚባል ነገርም አልሰማሁም። መሐንዲሱም ከኔ በኋላ ወጣ። ያነክሳል፤ ግን አለ።

ዛሬም መንገድ ላይ ትራፊክ ሲያስቆመኝ ከመኪናዬ እወርዳለሁ።

“ኧረ ይቀመጡ አባባ፣ መንጃ ፈቃድዎን ለማየት ነው” ይሉኛል።

“ግድ የለም ልጄ፣ ጠይቀኝ” እላለሁ፤ ቆሜ።