አማቴ የመረጡልን የራዳር ሶፍትዌር

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው... ከቶሮንቶ ወደ ምዕራብ ከሁለት ሰዓት በላይ ነድተን፣ በቆሎ እርሻ ዳር የጠጠር መንገድ ላይ መኪና አቁመን ሰማይ እናያለን። መሪው ላይ እኔ፣ ከጎኔ ላፕቶፕ ጭኑ ላይ ያስቀመጠው ብራያን፣ ከኋላ ወንበር ደግሞ... አማቴ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ነው። ኖርዝ ዮርክ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። ብራያን የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሰመር በመጣ ቁጥር ወጀብ እያሳደደ ፎቶ ያነሳል። እንደሱ ያበዱ አሥር ሰዎች ክበብ አላቸው። ክበቡ ሜዳ ላይ የሚጠቀምበት፣ ወጀቡ የት እንደደረሰ የሚያሳይ የራዳር ሶፍትዌር መግዛት ፈልጎ፣ ኮምፒውተር ታውቃላችሁ ብሎ ሁለት የሙከራ ኮፒ ለእኔና ለእሱ ሰጠን። «ሞክሩና የቱ እንደሚሻል ንገሩን» ተባልን።

አማቴ እትዬ የሺ ከድሬዳዋ ከመጡ ገና ስድስት ወራቸው ነበር። ያን ቀን ባለቤቴ ሰብለ ሥራ ገብታለች። ክሬሰንት ታውን ያለው ቤታችን፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ጥያቸው ልሄድ ከበደኝና «እትዬ፣ ገጠር ላሳይዎት?» አልኳቸው። ሹራባቸውን አንስተው ተከተሉኝ።

ወደ ሶፍትዌሮቹ ስመለስ... አንደኛው ሲያዩት ያምራል። ቀለሙ እርስ በርሱ እየተዋሃደ፣ ደመናው ሲጓዝ ፊልም ይመስላል። ሁለተኛው አስቀያሚ ነው። ካሬ ካሬ ቀለም፣ ጥግ ላይ የተደረደረ ቁጥር። ሁለቱም በሞባይል ስልክ እየደወሉ ነው የራዳሩን ሥዕል ዳውንሎድ የሚያደርጉት። ብራያን በልቡ ቆንጆውን መርጦ ጨርሷል። እውነቱን ለመናገር እኔም።

«ገና ሩቅ ነው» አለ ብራያን፣ ስክሪኑን እያሳየኝ። «ካሜራዬን ለማዘጋጀት በቂ ጊዜ አለን።»

እትዬ የሺ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው እጃቸውን ወደ ውጭ ዘረጉ። ትንሽ ቆዩና «ነፋሱ ዞረ... ቀዘቀዘም» አሉ። ከዚያ ወደ ፊት ጠጋ ብለው ስክሪኑን አዩት።

«ልጄ፣ ይኼ ሥዕል የስንት ሰዓት ነው?»

ለብራያን ተረጎምኩለት። ፈገግ ብሎ «የአሁን ነው በላቸው» አለኝ።

«አሁን የሚባል ሰዓት የለም። የተነሳበትን ያሳየኝ።»

ብራያን ፈለገ... ፈለገ... የትም አልተጻፈም።

«እስቲ ያኛውን ይክፈተው» አሉ።

አስቀያሚው ገና ሲከፈት ስልኩ ተቋርጦ እንደነበር በጽሑፍ ነገረን። መቼ እንደተቋረጠ እንጃ። ቆንጆው ግን ትንፍሽ ሳይል የድሮ ሥዕል እያንቀሳቀሰ ሲያስደስተን ቆይቷል። ብራያን እንደገና ደወለ። አዲሱ ሥዕል መጣ። ጥግ ላይ 20:40 ይላል። ብራያን የእጅ ሰዓቱን አየ፤ 4:45 ነው።

«ይኼ ደግሞ ሰዓቱም ተበላሽቷል» አለ።

«አልተበላሸም» አሉ እትዬ የሺ፣ ቁጥሩን በመነጽራቸው ስር እያዩ። «የግሪንዊች ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ሲቀነስ በዚህ አገር 4:40 ማለት ነው። ከተነሳ አምስት ደቂቃው ነው።» ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። «እኛ ያለነው እዚህ ጋ ነው አይደል? ቀዩ፣ ከባዱ ወጀብ፣ ይኸው አፍንጫችን ስር ደርሷል። መኪናውን አስነሳ ልጄ። ወደ ደቡብ ንዳ።»

«ቆይ፣ አንድ ፎቶ ብቻ» አለ ብራያን።

በሁለቱ መሀል ግራ ገባኝ። ብራያን ስምንት ዓመት ወጀብ ሲያሳድድ የኖረ ሰው ነው። እሳቸው ገና ክረምቱን እንኳ በቅጡ ያልለመዱ እንግዳ። በመስታወቱ ፊታቸውን አየሁት። የፈራ ሰው ፊት አልነበረም... ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት ነበር።

ቁልፉን አዞርኩት።

አሥር ደቂቃ ያህል ነድተን ቆምንና ወደ ኋላ ዞረን አየን። ቆመንበት የነበረው ቦታ የለም። የዝናብና የበረዶ ነጭ ግድግዳ ውጦታል። ካለፈ በኋላ ተመልሰን ስንሄድ በቆሎው መሬት ላይ ተኝቷል፣ ሎሚ የሚያህል በረዶ መንገዱን ሞልቶታል። ብራያን አንዱን አንስቶ በእጁ ሲመዝን ቆየና ቀስ ብሎ «እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?» አለኝ።

እኔም አላውቅም ነበር። ኤርፖርት ይሠሩ እንደነበር ሰምቻለሁ። ቲኬት የሚቆርጡ ነበር የመሰለኝ።

«ሃያ ሁለት ዓመት የአየር ጠባይ ተመልካች ነበርኩ» አሉ እንደቀላል ነገር። «በየሰዓቱ እየወጣሁ ደመናውን፣ ነፋሱን እመዘግባለሁ። ፓይለቱ የሚያርፈው እኔ በጻፍኩት ነው።»

ማታ ለሰብለ ስነግራት «ኤርፖርት ትሠራ ነበር አላልኩህም?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሐሙስ ክበቡ ሲሰበሰብ ብራያን ራሱ «እሳቸውን ይዘህ ና» አለኝ። ሁለቱን ስክሪን ጎን ለጎን አስቀመጥን። ሰዉ ሁሉ ዓይኑ ቆንጆው ላይ ነው። ብራያን የሆነውን ሳይደብቅ ተናገረ። እትዬ የሺ ተነሱና ሹራባቸውን አስተካክለው በአማርኛ ተናገሩ፣ እኔ ቃል በቃል ተረጎምኩ።

«ለፓይለት የቆየ ወሬ ከምነግረው ዝም ብል ይሻለዋል። ዝም ካልኩት ይጠነቀቃል። በቆየ ወሬ ግን ተማምኖ ይገባል። ስለዚህ ሰዓቱን የሚያሳየውን፣ ሳያውቅ ሲቀር አላውቅም የሚለውን ግዙ።»

አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ «የመጨረሻውን ድገምልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። እጅ ሲወጣ አሥሩም አስቀያሚውን መረጡ።

እየተረጎምኩ ድምፄ ሲወፍር ይሰማኝ ነበር። ያን ያህል ኮርቼ እንግሊዝኛ ተናግሬ አላውቅም።

እና እኔ ጎበዙ... ስድስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት «እትዬ፣ ቴሌቪዥኑ ዛሬ ይዘንባል ይላል፣ ጃንጥላ ይያዙ» እያልኩ ሳስረዳቸው ከርሜያለሁ። እሳቸው ደግሞ «እሺ ልጄ» ብለው ይይዛሉ።