ያልተቆጠረው የእናት ወገን

ጣሊያን ደሴ በገባበት ዓመት የጀዋሂር ልጅ ዓብደላ ተገረዘና ደሙ አልቆም አለ። አመድ ቢነሰነስ፣ የተወቀጠ ቡና ቢደረግበት፣ ዱዓ ቢደረግለት ወይ ፍንክች። በማግስቱ ቀበሩት። ገራዡ ምላጬ ንጹሕ ነው ብሎ ማለ፤ እውነቱን ነበር፣ በዚያው ምላጭ የገረዘው የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ደህና ነው።

ምላጩ ካልሆነ እንግዲህ ዘሩ ነው ተባለ። የጀዋሂር አባት ዘመዶች ተሰብስበው የባሏን የሳሊሕን አጥንት ቆጠሩ። ሳሊሕ ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ ተሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ቅድመ አያቱ ከየመን የመጣ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ የሚቆጥርለት አልተገኘም። በቃ፣ የማያውቁት ነገር ሲገኝ ጥፋቱን እዚያ ላይ መደፍደፍ እንዴት ይቀላል! የጀዋሂር ወገን በአባቷ በኩል እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ጤነኛ ሆነ። በእናቷስ? እነዚያ ሽማግሌዎች እናት የወለደቻቸውም አይመስሉ፤ አንዱ እንኳ አልጠየቀም።

ጀዋሂር ባሏን ትወደው ነበር። ግን ሽማግሌዎቹ ተፋቱ ሲሉ ሌላ ልጅ መቅበርን ፈርታ ዝም አለች፤ ዝምታዋም እሺታ ተባለ። ሳሊሕ ፈታት። ትልቋ ልጃቸው ዐሊማ ከአባቷ ዘንድ ቀረች። ከዚያ ወዲያ በደሴ ለሳሊሕ ልጁን የሚድር ጠፋ፤ ደሙ የማይረጋ የሚል ስም ወጣለት።

ጀዋሂር የተፈታች ሴት ሳታገባ የምትቆይበትን ዒዳዋን ስትጨርስ ኮምቦልቻ ዳር ለሚያርስ ሀምዱ ለሚባል ሰው ተዳረች። የሀምዱ አጥንት የታወቀ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ልባቸው ሞልቶ መረቁ። ወንድ ልጅ ተወለደ፣ ዘይኑልአቢዲን አሉት። ለግርዛት ሲደርስ ለገራዥ ሰጠችው። የሱም ደም አልቆም አለ።

ጀናዛው ከወጣ በኋላ ከቢስቲማ ለልቅሶ የመጣች የእናቷ እኅት፣ እንደ ወንድሞቼ፣ እንደ ወንድሞቼ እያለች ማልቀስ ጀመረች። ጀዋሂር ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቀቻት። አክስቷ ሁለት ወንድሞቿ ሲገረዙ ደም ፈሷቸው እንደሞቱ፣ ያኔ ዓይን በላቸው ተብሎ እንደታለፈ ነገረቻት።

ዛሬ ሐኪም ቢጠየቅ በአጭሩ ያስረዳል። ይህ ደም የማይረጋበት በሽታ የሚመጣው ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፤ ለሴት ልጇም ሳይታወቅ ልታስተላልፈው ትችላለች። ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም የሚወስደው ከእናቱ ነው። አባት ለወንድ ልጁ የሚሰጠው ዋይን ነው። ጀዋሂር ይህን ሁሉ ከየት ታውቀው? የገባት ነገር ቢኖር ከእናቷ ወገን እንደመጣ፣ ሳሊሕም ያለ ጥፋቱ እንደተዋረደና እሷ ዝም ብላ እንዳየችው ነው። ያ እንቅልፍ ነሳት።

ዐሊማን ልያት ብላ ሀምዱን አስፈቅዳ ጣሊያን ባወጣው መንገድ በካሚዮን ደሴ ወጣች። ሳሊሕን ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ሲያጥፍ አገኘችው፤ ጢሙ ሸብቷል።

«ሳሊሕ፣ ከኔ ነው» አለችው ሳትቀመጥ። «ከእናቴ ወገን ነው። አንተ የለህበትም።»

ሳሊሕ ማጠፉን አልተወም። የኮምቦልቻውን መርዶ የሰማ ዕለት እንደገባው ነገራት። ታዲያ ለምን ለሰው ተናግሮ ስሙን እንዳላጠራ ጠየቀችው።

«ሁለት ልጅ ቀብረሻል። ይህን ደግሞ እንዴት ልጨምርብሽ?»

ጀዋሂር እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ዐሊማ ድምፅ ሰምታ ከጓዳ ወጣችና እናቷን አቅፋ ታባብላት ጀመር። ልጅቱ አድጋለች፤ ዛሬ ነገ ጠያቂ ይመጣላታል። ጀዋሂር የልጇን እጅ ጭብጥ አድርጋ ይዛ ሳሊሕን ቀና ብላ አየችው።

«ይችም ወንድ ብትወልድስ? ምን ብለን እንነግራታለን?»

ሳሊሕ ጨርቁን አስቀመጠው።