በቡፌ ውስጥ የቆሙ ጀግኖች

ረቢያ አሻንጉሊት መምረጥ የተማረችው ጅዳ ነው። በሰው ቤት ስትሠራ የአሠሪዋ ልጅ የፊልም ጀግኖችን አሻንጉሊት ይሰበስብ ነበርና፣ የመደርደሪያውን አቧራ ስትጠርግ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አየች። አንደኛው ክርኑም ጉልበቱም ቁርጭምጭሚቱም ይታጠፋል፤ ነገር ግን መገጣጠሚያው እንደ ጠባሳ አፍጥጦ ይታያል። ሌላኛው መልከ መልካም ነው፤ ለካባው፣ ለደረቱ፣ ለዓይኑ ቀለም እንከን አይወጣለትም። ብቻ አንገቱን ከማዞር በቀር ምንም አያውቅም።

ለልጇ የመረጠችው መልከ መልካሙን ነው። ዑበይዱላህን በሁለት ዓመቱ ሐይቅ ከተማ ለታላቅ እህቷ ለመስኡዳ ትታው ነበር የሄደችው። በየዓመቱ ወደ አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ አንድ አንድ ጀግና ትልክለት ጀመር። በስልክ ደግሞ፣ "ወላሂ እህቴ፣ እንዳይሰብራቸው! ቡፌው ውስጥ ቆልፊባቸው" ትላለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ለልጁ ብቻ አልነበረም፤ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ በመስተዋቱ አይቶ "ረቢያ የላከችው ነው" እንዲል ነው። ይህንን ለራሷ ያመነችው በጣም ዘግይታ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ የአሠሪዋ ልጅ ሰልችቶት የጣለውን፣ ቀለሙ የተላላጠ ተጣጣፊ ጀግና ልብስ መሃል ወሽቃ ላከች። እሱ ለቡፌ አይመጥንምና መስኡዳ ለልጁ ሰጠችው።

ዘንድሮ ረቢያ ጠቅልላ ገባች። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላው ዑበይዱላህ እንደ እንግዳ ጨብጦ ሳማትና ተመልሶ መስኡዳ ጎን ተቀመጠ።

በማግሥቱ ቁልፉን ተቀብላ ቡፌውን ከፈተች፤ ዘጠኙን ጀግኖች ከነእሽጋቸው ፊቱ ደረደረችለት።

"በል እንግዲህ ተጫወትባቸው፤ ያንተ ናቸው።"

ልጁ አንዱን አወጣና ክንዱን ሊያጥፈው ሞከረ። እምቢ ሲለው ቀስ አድርጎ አስቀመጠውና ከፍራሹ ሥር ያንን ቀለሙ የተላላጠውን አመጣ። አንድ እግሩ በክር ታስሯል።

"ይኼ ይታጠፋል። ወባ ይዞኝ የተኛሁ ጊዜ ክንዱን አጥፌ ጣቴን አስይዘው ነበር።"

"መቼ ነው ያመመህ?"

"ቆይቷል። አልነገሩሽም?"

አልነገሯትም። እዚያ ሆና እንዳትጨነቅ ብለው ይሆናል። ረቢያ አሻንጉሊቱን ተቀብላ አየችና፣ "ፊቱ እኮ ጠፍቷል" አለች።

"እኔ አውቀዋለሁ" አላት።

ያኔ ዕንባዋ መጣ። ያንን ጣት መያዝ የነበረባት እሷ ነበረች፤ አሁን ማልቀሱ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ዑበይዱላህ ደንግጦ አያት። መልከ መልካሞቹን አንድ በአንድ ወደ ቡፌው መለሰ፤ ቆለፈና ቁልፉን መዳፏ ላይ አኖረላት።

"አብሽሪ" አላት፤ "አንዱንም አልሰበርኩብሽም።"