ከወንዝ ዳር የቆሙት ጻድቅ

ሙዚየማችን ደብረ ታቦር ውስጥ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያለ ትንሽ ቤት ነው። ሥራዬ የብራና መጻሕፍቱን ከአቧራና ከአይጥ መጠበቅ፣ እንግዳ ሲመጣም ማስጎብኘት ነው።

አንድ ቀን ከሐሙሲት አንድ ሽማግሌ በነጠላ የተጠቀለለ መጽሐፍ ታቅፈው መጡ። ለሙዚየሙ ሊሰጡት ነው። የአንድ ጻድቅ ገድል ነው፤ ጽሕፈቱ ያማረ። የመጨረሻው ቅጠል ላይ ስደርስ ግን ነገሩ መሐል ላይ ተቆረጠ።

«ቀሪውስ የት አለ፣ አባባ?» አልኳቸው።

«እብናት፣ እኅቴ ዘንድ። አባታችን ሲሞቱ በመሬቱም በመጽሐፉም ተጣላን። ስፌቱ ድሮም ተበጥሶ ነበርና ሽማግሌዎች እሱንም አካፈሉን።» የመጨረሻውን ቅጠል በጣታቸው እየነኩ፣ «ጻድቁ ከሞላ ወንዝ ዳር ደርሰው ቆመዋል። እንዴት እንደተሻገሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዳልጠይቃት ተኳርፈናል» አሉ።

ሳቄን ዋጥኩት። በእሳቸው ፈቃድ እብናት ያለውን የእኅታቸውን ልጅ ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ።

በሳምንቱ እኅትየው መጡ። ቀጭኑን ግማሽ በቆዳ ማኅደር አንግተውታል። በቀጠሮው ቀድመው የመጡት ወንድማቸው ከወንበራቸው ተነሡ። ተሳሳሙ። እኔም ሁለቱን ግማሽ ጠረጴዛው ላይ አገናኘኋቸው። የስፌቱ ቀዳዳዎች ልክ ለልክ ገጠሙ።

«እታለም፣ እንዴት ተሻገሩ?» አሉ ወንድምየው።

«የበሬ ጭራ ይዘው ነዋ። የንስሐ አባቴ ሲተረጉሙልኝ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የእኔው ሲጀምር ውኃ ውስጥ ናቸው። የማን በሬ ነው? ምን ብሎ ተከተላቸው?»

«እሱማ እኔ ጋ አለ። ታሞ የወደቀ የደሃ በሬ ነው፤ ጸልየው አስነሡት። ውለታውን መመለሱ ነው።»

«በል ተወው! ስንት ዘመን እንደባዳ በሬ ሳየው ኖርኩ» ብለው ሳቁ። ሽማግሌውም ዓይናቸው እንባ እስኪያዝል ሳቁ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

ድጉሰት፣ ማለት የብራና መጽሐፍ ጥረዛ፣ የሚያውቁ አንድ መሪጌታ በኋላ መጽሐፉን በአዲስ ጅማት ሰፉት። በሙዚየሙ መዝገብ ላይ ከሰጪዎቹ የማን ስም ይቅደም በሚለው እንደገና ሊከራከሩ ሲሉ፣ የአባታቸውን ስም ብቻ ጻፍኩና ሁለቱም ደስ አላቸው።

በተገናኙበት ቀን ማታ ግን ሽማግሌው ወደ ሐሙሲት አልተመለሱም። የእኅታቸውን ባዶ ማኅደር በትከሻቸው አንግተው፣ የእኅታቸውን የልጅ ልጆች ሊያዩ ወደ እብናት በሚሄደው ሚኒባስ አብረዋቸው ተሳፈሩ።