ዘመነችና ጀርባው ክፍት የሆነው ጋውን

የዳሌዬ አጥንት ተሰብሮ ሆስፒታል በተኛሁ ጊዜ ቤተሰብም ጎረቤትም «ገብረአምላክ መነሳት ፈርቷል» ብሎ አስወራብኝ። አልፈራሁም። አፍሬ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከሚስቴ ከዘመነች በቀር የገባው ሰው አልነበረም፤ ይህን የምጽፈውም ስለ እሷ ነው።

የወደቅኩት ሳንሱሲ ፌርማታ ላይ ታክሲ እንዳያመልጠኝ ስሮጥ ነው። ስልሳ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው ለታክሲ አይሮጥም ብላ ዘመነች ስንት ጊዜ ነግራኛለች፤ ስለዚህ ይህን ጉዳይ ሳላነካካ አልፈዋለሁ። ልጃችን ኤልናታን አፋፍሶ ከአስኮ ብዙም የማይርቅ አንድ የግል ሆስፒታል አስገባኝ። በማግስቱ ቀዶ ጥገና አድርገው አጥንቱን በብረት አሰሩት። ቦታው ንጹሕ ነው። አልጋው ቁልፍ ሲጫኑት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጠያቂ ባጅ አንጠልጥሎ ሁለት ሁለት እየሆነ ብቻ ነው የሚገባው። ሥርዓቱን ወደድኩት። እኔ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ።

ያልወደድኩት ጋውኑን ነው። ያለበሱኝ ሰማያዊ ጋውን ከፊት ሲያዩት የሰው ልብስ ይመስላል፤ ከኋላ ግን ከላይ እስከ ታች ክፍት ነው። አንገት ላይ አንድ ማሰሪያ፣ ወገብ ላይ አንድ ማሰሪያ አለው፤ የወገቡም ተበጥሷል። ሱሪ እንዳልለብስ ፋሻው ከወገቤ እስከ ጭኔ ተጠምጥሟል። ጋቢ እንዳልደርብ፣ ስሄድ ሁለቱም እጆቼ ባለ አራት እግሩን የብረት መደገፊያ መያዝ አለባቸው፤ ጋቢው ሲንሸራተት ማን ይሰበስብልኛል? ተኝቼ ሳለሁ ችግር አልነበረም። በነጋታው ጠዋት ግን ዶክተሩ መጥቶ «አባቴ፣ ዛሬ ከሰዓት ተነስተው ኮሪደሩን ይሄዳሉ» አለኝ።

«አልነሳም» አልኩት።

«ያምዎታል?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ?»

«አልነሳም አልኩህ!»

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጠና ተራ አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሜ ዩኒፎርም የምፈትሸው እኔ ነኝ። ሸሚዙ የተቀደደበትን፣ ቁልፉ የጎደለበትን፣ ቀሚሷ ከጉልበቷ ከፍ ያለባትን «ሂድ፣ ሂጂ፣ አስተካክለሽ ነይ!» ብዬ እመልሳለሁ፤ ድምፄ እስከ አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን ደግፋ እንድታስኬደኝ የተመደበችው የከሰዓት ተረኛ ነርስ ማን ሆና ብትገኝ ጥሩ ነው? ሳያት የምትባለው የድሮ ተማሪዬ! ስምንተኛ ክፍል ሳለች በቀሚሷ ማጠር ብቻ ሦስት ጊዜ ከበር የመለስኳት ልጅ። ገና ስታየኝ «ቲቸር! አወቁኝ?» ብላ ፈነደቀች። እንዴት አላውቃት! በዚህች ልጅ ፊት ጀርባዬን ገልጬ ኮሪደር ለኮሪደር የምሄድ ሰው አይደለሁም።

ታዲያ ለምን አትናገርም ትሉኛላችሁ። መናገሩ ራሱ ግማሽ ራቁት መሆን መስሎ ታየኝ። ያን ቀን ሳያት መደገፊያውን ይዛ ብትመጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ዶክተሩ ፈገግታውን ትቶ መጣ። «እንደዚህ ተኝተው ከቆዩ እግርዎ ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ደም ተነስቶ ሳንባ ከገባ ላናተርፍዎ እንችላለን። ዛሬ የግድ መነሳት አለብዎት» አለኝ። ደነገጥኩ። ሆኖም አልተነሳሁም። ኤልናታን ዓይኑ እንባ ሞልቶ «አባዬ፣ እባክህ፣ ለእኔ ስትል» አለኝ፤ ከዚያም ስልኩን አውጥቶ እንደ እኔ የተሰበሩ ፈረንጆች ሲራመዱ የሚያሳይ ቪዲዮ ከፈተልኝ። የፈረንጆቹ ሁሉ ጋውን ዝግ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ ፈቀደም መጥተው እጃቸውን ጭነው የፍርሃት መንፈስ እንዲለቀኝ ጸለዩ። «አሜን» አልኩ። ዓይናቸውን ገልጠው እነሳለሁ ብለው ጠበቁ። ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ ወርደው ሄዱ።

ኤልናታን አማራጭ ሲያጣ እናቱ ጋ ደወለ። ዘመነች ከሥራ በፊት ጠዋት ጠዋት ነበር የምትጠይቀኝ፤ ያን ቀን ግን ከሰዓት ሱቋን ዘግታ መጣች።

ዘመነች ልብስ ሰፊ ናት። ከሆሳዕና አካባቢ በአሥራ አራት ዓመቷ ኮልፌ አክስቷ ዘንድ መጥታ፣ አክስቷ ለምሳ ስትነሳ በእግር በሚረገጠው የስፌት መኪና ላይ እየተቀመጠች ነው ሙያውን የለመደችው። በሁለት ዓመት ውስጥ የአክስቷ ደንበኞች «ትንሿ ትስፋልን» ማለት ጀመሩ። ሜትር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ ብዙም አትጠቀምበትም። አንድ ሰው ሲገባ ቀና ብላ አንዴ ታየዋለች፣ በቃ፤ የትኛው ትከሻው ዝቅ እንዳለ፣ የቱን ሰውነቱን መደበቅ እንደሚፈልግ አውቃለች።

ሱቋ ከትምህርት ቤታችን በስተኋላ ነበር። ስንጋባ ቃል አስገባኋት፦ የእኛን ትምህርት ቤት ዩኒፎርም እንዳትሰፊ፣ ሚስቴ መሆንሽንም እዚያ ማንም እንዳያውቅ። «ልጆቹን የሚያባርረው ለሚስቱ ገበያ ሊያመጣ ነው» ይሉኛል ብዬ ነው። «እሺ» አለች። ሠላሳ ዓመት መጋረጃና የመዘምራን ልብስ ስትሰፋ ኖረች። በወላጆች በዓል ቀን እንኳ ከኋላ ወንበር እንደ ማንም ሰው ተቀምጣ ነበር የምታየኝ። እኔም በመምህራን ስብሰባ ላይ ደረቴን ነፍቼ «እኔ የመለስኩት ተማሪ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አስተካክሎ ይመጣል። ዲሲፕሊን ማለት ይህ ነው!» እል ነበር።

ገብታ ወንበር ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ተነስ አላለችኝም። አንዴ ብቻ አየችኝ።

«ግራ እጅህ ከአንሶላው ሥር ምን ይዟል?»

«ምንም።»

«ገብሬ!»

ከኋላዬ ጨምድጄ የያዝኩትን የጋውን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ አየችው። አልሳቀችም። ሌላው ቢቀር አለመሳቋን ዕድሜ ልኬን አልረሳላትም። ይልቅ በባለሙያ ንዴት «ይህን የሰፋው ሰው ጨርቅ ሰስቷል» አለችና ቦርሳዋን ከፈተች። መርፌ፣ ክር፣ መቀስና ከመዘምራን ልብስ የተረፈ ወይን ጠጅ ጨርቅ ወጣ። ባልታመመው ጎኔ አስተኝታኝ፣ ጋውኑን እንደለበስኩት፣ ክፍቱን በወይን ጠጅ ጨርቅ ትደፍነው ጀመር።

«አትንቀሳቀስ፣ እወጋሃለሁ።»

ሥራው ሊያልቅ ሲል ሳያት መደገፊያዋን እየገፋች ገባች። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እትዬ ዘመነች!» ብላ ስትጮህ ገለጥኩት። ተጠምጥማባት ትስማታለች። ዘመነች መርፌውን በከንፈሯ ይዛ፣ ዝም በይ በሚል ጭንቅላቷን ትነቀንቅላታለች።

«የት ትተዋወቃላችሁ?» አልኩ።

«ቲቸር፣ አያውቁም እንዴ? ከበር ሲመልሱን የት የምንሄድ ይመስልዎት ነበር?» አለች ሳያት። «የእኔ ቤት ቆሼ ነው፤ ደርሼ እስክመለስ ትምህርት ያልቃል። ደግሞስ ማን ቤት አለና? ዘበኛው ነው ‹ከኋላ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሂዱ› የሚለን። እትዬ የቀሚሱን ጫፍ ፈትተው ያስረዝሙልናል፣ ቁልፍ ይተክሉልናል። ከማንኛችንም አምስት ሳንቲም ተቀብለው አያውቁም። ብቻ ‹ለዚያ ቁጡ ሰውዬ እንዳትነግሩት› ይሉናል።» ከዚያ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየችና አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ! ባለቤትዎ ናቸው?»

ዘመነች መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች። «ዩኒፎርም አትስፊ ነው ያልከኝ። አልሰፋሁም። የተቀደደ ጠገንኩ» አለችኝ።

ሠላሳ ዓመት! እኔ ከፊት በር ያባረርኳቸውን እሷ ከኋላ እያስተካከለች ስትልክልኝ ኖራለች። ቆሼ ድረስ ሄዶ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚመለስ ልጅ እንደሌለ አንድም ቀን አላሰብኩም። ስንት ልጅ በእኔ ምክንያት ከትምህርቱ ይቀር ነበር፣ እሷ ባትኖር? ቃልሽን አፍርሰሻል ብዬ መቆጣት ነበረብኝ፤ መጀመሪያ አፈርኩ፣ ቀጥሎ ግን የተሰማኝ ኩራት ብቻ ነው። ይህችን ሴት ነው እኔ የደበቅኳት። ልቤ ሞላ፤ እንባዬም መጣ፤ ዳሌዬን ያመመኝ አስመሰልኩ።

ዘመነች ማሰሪያውን በጎኔ ቋጠረች፣ ጨርቁን ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረገች፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ደንበኛ ልብስ ሲለካ እንደምታየው አየችኝ።

«ተነስ እስቲ፣ ልየው» አለች።

ተነሳሁ። ሕመሙ እስከ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ፤ ቢሆንም ቆምኩ። መደገፊያውን ይዤ፣ ሳያት በቀኜ፣ ዘመነች በግራዬ፣ ጀርባዬን በወይን ጠጅ ሸፍኜ ኮሪደሩን እስከ መስኮቱ ሄጄ ተመለስኩ። የሚያየኝ ሁሉ ይየኝ አልኩ።

በመመለሻዬ ዶክተሩ፣ ኤልናታንና መጋቢ ፈቀደ ከአሳንሰሩ ወጥተው ፈዘው ቆሙ። ዶክተሩ ቀድሞ «ሲስተር ሳያት፣ ጎበዝ!» አላት። መጋቢ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ጸሎታቸውን ስለሰማላቸው አመሰገኑ። ኤልናታን «ቪዲዮውን ደግመህ አየኸው፣ አይደል?» አለኝ።

መደገፊያውን አቆምኩና በዚያ በትምህርት ቤቱ በር ድምፄ «ያስነሳችኝ ሚስቴ ናት!» አልኩ። «ዘመነች ትባላለች፤ ልብስ ሰፊ ናት! አጠና ተራ እኛ ትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ ያውቃታል፤ ሳያውቅ የኖረው እኔ ነኝ!»

የክፍሎቹ በሮች እየተከፈቱ ህመምተኛውም ጠያቂውም አንገቱን አወጣ። ዘመነች በነጠላዋ አፏን ሸፍና ክንዴን ጎነጠችኝ።

«ኧረ ድምፅህን ቀንስ፣ ሰው ይሰማል!»

አልቀነስኩም።