የጁምዓ ሻንጣዎች

«ታዲያ ሰው ሲመጣ የምትታመሚው ለምንድን ነው?» አለችኝ እማዬ፣ መጥረጊያውን እንደ ምርኩዝ ተደግፋ። እኔም እንዳልታመምኩ፣ ክፍሉ ግን እንደሚያስፈልገኝ፣ በሃያ አምስት ዓመቴ አንድ የመጻፊያ ጠረጴዛ የማስገባበት ጥግ ኖሮኝ እንደማያውቅ ለሦስተኛ ጊዜ ነገርኳት። ክርክሩ የተጀመረው ከቁርስ በፊት ነው። ከጦርነቱ ሸሽተን ቆይተን በሰው አገር፣ ካላክላ ወዳለው ቤታችን ከተመለስን ሁለት ወራችን ነው። እማዬ ከድሮዎቹ እንግዶቿ ሦስቱ መመለሳቸውን ሰምታለች፤ እንደ በፊቱ በየጁምዓው ልትጠራቸው፣ ሻንጣቸውንም ከሆሹ፣ ከግቢያችን፣ ጥግ ባለችው ትንሽ ክፍል ልታስቀምጥላቸው ቆርጣለች። እኔ ደግሞ ያችኑ ክፍል ለራሴ ፈልጌያታለሁ።

ክፍሏ ለምንም እንደማትሆነኝ ልታሳየኝ እጄን ይዛ ወሰደችኝ። እውነትም ውስጧ ባዶ ነው፤ የመብራቱ ሽቦ እንኳን ከግድግዳው ተመዞ ተወስዷል። ሽታው ግን አልተወሰደም። ብል እንዳይበላው ልብስ መሃል የሚቀመጠው ነጭ እንክብል፣ የገላ ሳሙናና ያልተለበሰ አዲስ ጨርቅ አንድ ላይ ሲታፈኑ የሚሰጡት ሽታ ከግድግዳው ወጥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እማዬ ስለ ጣሪያው ቀዳዳ እየነገረችኝ ነበር፤ እኔ ግን አሥር ዓመቴ ሆኖ፣ እግሬ መሬት ሳይነካ፣ ከሁሉም ከፍ ያለው ሻንጣ ላይ ተቀምጬ ነበር።

በዚያን ጊዜ ቤታችን የጁምዓ ቤት ነበር። አል-ማንሺያ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በሰው ቪላ ተቀጥረው እዚያው የሚያድሩ ያገራችን ሴቶች የኔ የሚሉት ጥግ ስለሌላቸው ሻንጣቸውን እማዬ ዘንድ ያኖራሉ፤ በሳምንት አንዴ፣ በእረፍታቸው ቀን፣ ሁለት ሦስት ሚኒባስ ቀያይረው ይመጡና ጫማቸውን አውልቀው፣ ሻሻቸውን ፈትተው፣ ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት ዋጥ ያደረጉትን ሳቅ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ያወጡታል። አሥራ አራት ነበሩ። እያንዳንዳቸው ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አራት ጊዜ ይስሙኛል፤ ይህም ሐምሳ ስድስት መሳም ነው፤ ከመሳሙ ጋር ደግሞ ደህና ነሽ ወይ፣ ትምህርትስ፣ ምነው ከሳሽ የሚል ይከተላል፤ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አዘጋጅቼ ሳልጨርስ አራተኛው ይደርሳል። አሥረኛዋ ሴት ጋ ስደርስ ፊቴ የራሴ አይመስለኝም ነበር፤ በየሰዉ የተዳሰሰ የገበያ ሐብሐብ የሆንኩ ይመስለኛል።

ጠልቻቸው አልነበረም። እያንዳንዳቸውን ለብቻ ባገኛቸው የምነግራቸው ብዙ ነገር ነበረኝ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ወሬዬ ሁሉ እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ውስጥ ይገባል። የመንደሩ ልጆች ኸርሳ ይሉኝ ነበር፣ ዲዳዋ ማለታቸው ነው፤ እማዬም ይህ ነገር ከልቧ ያስጨንቃት ነበር። እሷ በሰው አገር የኖረችው በአፏ ነው። ወረቀት የሚጠይቀውን ፖሊስ፣ ቤት አስለቅቃለሁ የሚለውን አከራይ፣ ሚኒባስ ላይ ቦታ የሚከለክለውን ረዳት ሁሉንም በሳቅና በጨዋታ አልፋለች፤ እኔ ይህን ካልቻልኩ እሷ የሌለች ቀን ማን ያሳልፈኛል? ስለዚህ አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወስዳ ጠበል አስረጨችኝ፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ ጎረቤታችን ሐጃ ነዒማ የሰው ዓይን ነው ብለው ጸሎት የተጻፈበት ወረቀት አቃጥለው አጠኑኝ። ሁለቱም ሃይማኖቶች የሚችሉትን አድርገው አንድ ቃል ከአፌ ሳያወጡ ለቀቁኝ።

መሸሸጊያዬ የሻንጣዎቹ ክፍል ነበር። ትምህርት ቤት የምንማረው በዓረብኛ ስለነበር አማርኛ ማንበብ የለመድኩት ከሻንጣ ላይ ነው። በየሻንጣው ጎን በወፍራም ቀለም የባለቤቷ ስም፣ ከስሙ ሥር ያገሯ ስም ተጽፏል፤ ከድጃ፣ ባቲ፤ ብርቱካን፣ ወልድያ፤ ዘይነባ፣ ኮምቦልቻ። የማላውቀውን ፊደል ከማውቀው ስም እየገመትኩ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ በሹክሹክታ አነባቸዋለሁ። አንዳንዴ የአንዷን ስም ከሌላዋ አገር ጋር አጋባና እንዴት እንደሚሰማ አዳምጣለሁ። ጥሩ ሲሰማ ብቻዬን እስቃለሁ።

ሰዓዳ እዚያ ያገኘችኝ ቀን አልሳመችኝም። መዳፏን ደረቷ ላይ አድርጋ አንገቷን ሰበር አደረገችልኝ፤ ከዚያ ሻንጣዋን ከፈተች። ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች፣ ረጅም፣ ስትራመድ ኮቴዋ የማይሰማ የሐይቅ ልጅ ነበረች። ከሻንጣዋ ለእናቷ የገዛችውን የሚጠመጠም ቶብ፣ የሻይ ብርጭቆዎቿንና ለታናሽ ወንድሟ የገዛችውን ጫማ አንድ በአንድ ታወጣለች፣ ትደረድራለች፣ ታያቸዋለች፣ መልሳ በዚያው ቅደም ተከተል ታስገባቸዋለች። ይህ በየጁምዓው አንድ ሰዓት ያህል ይወስድባታል። ሥራ እንዳልነበረ፣ እሷም እንደኔ ከሐምሳ ስድስቱ መሳም እያረፈች እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። ወንድሟ የኔ እኩያ ስለሆነ ጫማውን አልፎ አልፎ እግሬ ሥር አስቀምጣ ትለካው ነበር፤ አንድ ጁምዓ ተረከዜ ተርፎ ወጣ። ጫማውን በጨርቅ ጠቅልላ አስገባችው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከፍ ያለ ቁጥር ይዛ መጣች። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የተነጋገርነው ቢሰበሰብ ከአንድ ሚኒባስ ጉዞ ወሬ አይበልጥም፤ ግን ጓደኛ ማለት እሷ ነበረች።

ልትሄድ ነው ተባለ። አንዷ ወደ አገር ስትመለስ ልማዱ እንዲህ ነበር፤ በመጨረሻው ጁምዓ ሁሉም ሆሹ ውስጥ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ከትልቅ እስከ ትንሽ በየተራ ይመርቃሉ፤ ተጓዧም አሚን ትላለች። እማዬ ሰኞ ዕለት አስጠራችኝና ዘንድሮ ከክቡ እንደማልሸሽ ቁርጡን ነገረችኝ። ያልተቆጣችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ይቺን ልጅ ትወጃታለሽ። ሳትመርቂያት ከሄደች የሚቆጭሽ አንቺን ነው፣ እኔን አይደለም» አለችኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ምርቃት ሠራሁ። መንገዱን ከእማዬ ጠይቄ አጠናሁ፤ ከካላክላ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ መተማ፣ ከመተማ ጎንደር፣ እያለ ሐይቅ ድረስ፤ በየከተማው አንድ አንድ ምኞት አኖርኩ። ውሃ ስቀዳ እለዋለሁ፣ ሰሃን ሳጥብ እለዋለሁ፤ ለዶሮዎቹም ብዬዋለሁ፣ እነሱ አልተቃወሙም።

ተራዬ ሲደርስ ግን ሁሉም ፊት ዞረብኝ። ሰዓዳም መሃል ተቀምጣ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። አፌን ከፈትኩ። «ከካላክላ» የሚለው እንኳን አልወጣም። እማዬ በዓይኗ ለመነችኝ። ከዚያ አንዷ፣ ክፋት ሳይኖርባት፣ ጭንቁን ልታቀልልኝ ብላ፣ ኸርሳ አለችና ሁሉም ሳቁ። ተነስቼ ሮጥኩ። ስሮጥ ያየሁት የእማዬን ፊት ነው፤ አልሳቀችም ነበር።

ሻንጣዎቹ መሃል ገብቼ አለቀስኩ። ከግድግዳው ወዲያ ምርቃቱ ቀጠለ፣ ጨዋታው ቀጠለ፣ ብርጭቆ ተንኳኳ። ያን ድምፅ ያን ጊዜ ጠላሁት። ዛሬ ግን ሆሹ ጭር ብሏል፤ ከአሥራ አራቱ የት እንዳሉ የምናውቀው ስድስቱን ብቻ ነው፤ ሐጃ ነዒማም ከሄዱበት አልተመለሱም። የተመኘሁትን ጸጥታ በሙሉ አግኝቼ ሁለት ወር ተቀመጥኩበት፤ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ለካ ብቻዬን መሆን ያስደስተኝ የነበረው ከግድግዳው ወዲያ የሚስቅ ሰው ስለነበረ ነው። ክርክሩን ለእማዬ የለቀቅኩላት ለዚህ ነው፤ ይምጡ አልኳት፤ ስመው ሲጨርሱ ከሻንጣዎቹ ጎን አንድ ጠረጴዛ ይበቃኛል።

ያን የምርቃቱን ጁምዓ፣ እያለቀስኩ ሳለ፣ ሰዓዳ ሻንጣዋን ልትወስድ ገባች። ባለሦስት እግሩ ረክሻ ደጃፍ ቆሞ ሹፌሩ ያላ፣ ያላ እያለ ያጣድፋል። ሻንጣዋ ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቆ ስለነበር ቀለም አውጥታ ሰጠችኝ፤ እሷ መጻፍ አትችልም። ስሟን ጻፍኩ። ከሥሩ ደግሞ ሳልጠይቃት ካላክላ ብዬ ጻፍኩ። ሻንጣ ላይ የሚጻፈው ሰው የመጣበት ነው ብዬ ነበር የማውቀው፤ ከባቲ የመጣችው ባቲ ካለች፣ ሰዓዳ ደግሞ አሁን የምትሄደው ከካላክላ ነው። ጽሑፉ ሻንጣ ሲጠፋ ወደ ባለቤቱ ቤት እንዲመለስ መሆኑን እማዬ በማግስቱ ነገረችኝ። የሰዓዳ ሻንጣ መንገድ ላይ ቢጠፋ የሚመለሰው ወደ እኛ ነበር።

ሰዓዳ ምን ብዬ እንደጻፍኩ ጠየቀችኝና አነበብኩላት። አላረመችኝም። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ እግሬ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አሁን የኔን ምርቃት በይኝ» አለችኝ።

አልኳት። በሹክሹክታ፣ ከካላክላ ጀምሬ፣ አንድም ከተማ ሳልዘል። እሷም በየከተማው አሚን፣ አሚን አለች፤ ሹፌሩ ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ሲነፋ አልቸኮለችም። ሐይቅ ስንደርስ ተነሳች፣ መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ሻንጣዋን አነሳች። ሌሎቹ ከዚያ ክፍል ሲወጡ ተከትያቸው እንድወጣ ብለው በሩን ክፍት ይተዉት ነበር። ሰዓዳ ደፉን ተሻግራ ቆመች፤ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ዞር ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችልኝ።