ራዲያተሩ ውስጥ የጨመርኩት ተልባ

መኪና ሲሞቅ ምክንያቱን ማግኘት ከባድ አይደለም። ሞተሩ እስኪበርድ ትጠብቃለህ፣ የራዲያተሩን ክዳን ትከፍታለህ፣ ውሃው ከጎደለ በየት እንደወጣ ትፈልጋለህ። የሚያንጠባጥበው ቦታ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ራሱን ያሳይሃል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ማወቄ ነው።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ይዤ በመካነ ኢየሱስና በደብረ ታቦር መካከል እመላለስ ነበር። አባቴ የደብራችን መሪጌታ ነበሩ። ቅኔውን ትቼ መፍቻ በመያዜ አልረገሙኝም። ዘመዶቼ ግን "ብረት ነኪ" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። በእኛ አገር ብረት የሚነካ ቀጥቃጭ ነው፤ ቀጥቃጭ ደግሞ ቡዳ ነው ይባላል። እኔም "ሾፌር እንጂ ቀጥቃጭ አይደለሁም" ማለት ሥራዬ ሆነ።

አንድ የበጋ ጠዋት አባቴ ሽንታቸው ከተዘጋ ሦስተኛ ቀናቸውን ያዙ። መተኛትም መቀመጥም አቃታቸው። ደብረ ታቦር ያለው ሐኪም እንዲህ ያለውን በሽተኛ በአንዲት ቀጭን ቱቦ ሲገላግል በዓይኔ አይቻለሁ። ዛሬውኑ ላደርሳቸው መኪናውን ላስነሳ ስሄድ ከራዲያተሩ ሥር መሬቱ ርሶ አገኘሁት።

መላው ግልጽ ነበር፤ እርሳስ አቅልጦ መድፈን። ያንን የሚችሉት ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል የሚኖሩት ሽማግሌ ቀጥቃጭ ብቻ ነበሩ። ሲያልፉ አዩኝና ቆሙ።

"አውልቀህ አምጣው፤ አሁኑኑ እደፍንልሃለሁ" አሉኝ።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ከኋላዬ ሆኖ፣ "መሪጌታ የሚሄዱበትን መኪና ቡዳ ሊነካው ነው?" አለ፤ እንዲሰሙት ብሎ።

አፉን ማስያዝ ነበረብኝ። እኔ ግን ሽማግሌውን "አያስፈልግም፣ ራሴ እሠራዋለሁ" ብዬ ፊት ነሳኋቸው። ፈሪ ነበርኩ።

ሾፌር መንገድ ላይ ሲቸግረው ራዲያተሩ ውስጥ ቁንጥር የተልባ ዱቄት ይጨምራል፤ ያብጥና ቀዳዳውን ይይዛል። ቁንጥር ከያዘ እፍኝ ይበልጥ ይይዛል ብዬ ከእናቴ ዕቃ ሁለት እፍኝ ዘግኜ ጨመርኩ። ማንጠባጠቡ ቀጥ አለ። አጎቴ "ታዲያስ!" አለ። እኔም ኮራሁ።

አንድ ሰዓት ሳንሄድ አቀበቱ ላይ የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ወጣ። ወርጄ ዳሰስኩ። የላይኛው ቱቦ እጅ ያቃጥላል፣ የታችኛው ቀዝቃዛ ነው። ውሃው መዞር አቁሟል ማለት ነው። ተልባው ቀዳዳውን ብቻ አልነበረም የደፈነው።

"ምን ሆነ ልጄ?" አሉ አባቴ ከጋቢናው።

"ተዘጋ፣ አባባ።"

"እንደ እኔው" አሉ። ሊያጽናኑኝ ነበር የቀለዱት።

ከማሳው ሰው ጠርተን ቃሬዛ አበጀን። እየተቀባበልን ተሸከምናቸው። መንገዱ ሩቅ ነበር፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ በትከሻችን ላይ አረፉ።

አርባቸው ሲወጣ ራዲያተሩን አውልቄ ሽማግሌው ቀጥቃጭ ዘንድ ወረድኩ። "ነፍስ ይማር" ብለው ራዲያተሩን ተቀበሉኝ። የተጋገረውን ተልባ በፈላ ውሃ ደጋግመው አጥበው፣ በቀጭን ሽቦ ጎርጉረው አወጡት። ያ ነው ጊዜ የወሰደው። ቀዳዳዋንማ እርሳስ አንጠባጥበውባት ሲጨርሱ ፍሙ ገና አመድ አልለበሰም ነበር።

ራዲያተሩን ተሸክሜ ስወጣ አጎቴ መንገድ ላይ አገኘኝ።

"ከዚያ ቡዳ ቤት ነው የምትመጣው?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት።

ከአርባ ቀን በፊት እንዲህ ብዬው ቢሆን ኖሮ ያን ሳምንት ለአባቴ ተዝካር ባልደገስኩ ነበር።